ባሕር ዛፍ በብቸናና በሞጣ፦ አንድ የውጭ ሀገር ዛፍ ሀገር የለመደበት ታሪክ

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው ሁለት ዓይነት የዛፍ ስብስብ ያያል። አንደኛው በየቤቱ ጓሮ፣ በየማሳው ዳርና በየመንገዱ ግራና ቀኝ ቀጥ ብሎ የቆመው ባሕር ዛፍ ነው። ሁለተኛው ከጤፉ ሜዳ መካከል እንደ ደሴት ብቅ የሚለው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው፤ በዚህም ውስጥ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ብሳናውና ሌላውም ሀገር በቀል ዛፍ ተጠብቆ ይኖራል። የመጀመሪያው ወደ ሀገራችን ከገባ 130 ዓመት ያኽል ቢሆነው ነው። ሁለተኛው ግን የጥንቱ የደጋና የወይና ደጋ ደን ቅሪት ነው። ሁለቱ ለብዙ ዘመን ተራርቀው ከኖሩ በኋላ ዛሬ እየተጠጉ ሄደዋል፤ በአንዳንድ ደብርም ባሕር ዛፉ ከቅጥሩ ውስጥ ገብቶ ይታያል።

በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ዛፍ በሁለቱ ወረዳዎች እንዴት ሊጸና እንደ ቻለና በነባሮቹ ዕፀዋት ላይ ምን እንዳስከተለ ነው። የምናቀርበውም አሳብ የሚከተለው ነው። ባሕር ዛፍ በጎጃም ደጋ በራሱ ኃይል የተስፋፋ አይደለም፤ ያስፋፋው የመሬት ሥሪትና የገበያ ታሪክ ነው። ስለዚህ የሚያደርሰው ጉዳትም ሆነ የሚሰጠው ጥቅም በይበልጥ የሚወሰነው በተተከለበት ቦታ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት፣ ሌላ ምልክት ካልተደረገበት በቀር፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

1. ወራሪ ዝርያ ስለሚባለው

የሥነ ሕይወት ሊቃውንት እንደሚሉት አንድ ዝርያ ከትውልድ ሀገሩ ወጥቶ በሌላ ሀገር ወራሪ እስኪባል ድረስ በሦስት ደረጃ ያልፋል። መጀመሪያ ሰው ዐውቆም ሆነ ሳያውቅ ያመጣዋል። ቀጥሎ ያለ ሰው ርዳታ ዘር እያፈራ ራሱን ይተካል፤ ይህ ሀገር መልመድ ነው። በመጨረሻም ከገባበት ቦታ ርቆ እየሄደ የነባሮቹን ስፍራ፣ ብርሃንና ውኃ ይሻማል። ከውጭ ከሚመጡት መካከል አብዛኞቹ ሦስተኛውን ደረጃ አይደርሱበትም። የሚደርሱት ጥቂቶቹ ግን ብዙ ጥፋት ያደርሳሉ።

በሀገራችን የዚህ ምሳሌ አይጠፋም። ትውልዱ ከደቡብ አሜሪካ የሆነው እንቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታወቀ ወዲህ ከአንዱ እግር ሌላውን እያወጣ ብዙ የሐይቁን ዳርቻ ሸፍኗል። በአፋር «ወያኔ» የሚባለው እሾኻም ዛፍ ለበረሓ ማልሚያ ተብሎ የመጣ ነው፤ ከብቶች ጣፋጩን ፍሬ እየበሉ ዘሩን ከፋንድያቸው ጋር በየግጦሹ ዘሩት። ቅንጨ አረም ደግሞ ከአንድ እግር ብቻ ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል፤ ዘሩም ቀላል ስለ ሆነ በመኪና ጎማ፣ በጭቃና በእህል ውስጥ ሆኖ ይጓዛል። እነዚህ ሦስቱ ወደ አዲስ ቦታ ለመሄድ ሰው እንዲተክላቸው አይጠብቁም።

ባሕር ዛፍ ከእነዚህ ይለያል። ዘሩ በደረቅ ከረጢት ውስጥ የሚገኝ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነገር ነው። በውስጡ የተከማቸ ስንቅ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሣር ከሌለበት፣ ብርሃን ካገኘና እርጥብ ከሆነ አፈር ላይ ካልወደቀ በቀር በቀላሉ አይጸናም። በትውልድ ሀገሩ በአውስትራሊያ ይህን የመሰለውን ቦታ የሚያዘጋጅለት የሰደድ እሳት ነው፤ ዘሩ በአመዱ ላይ ወድቆ ይበቅላል። ወፍም ሆነ ዝንጀሮ ይህን ዘር በልቶ ወደ ሩቅ አይወስደውም፤ ከእናቲቱ አጠገብ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት በጎጃም ደጋ ባሕር ዛፍ ሰው ካልተከለው በቀር እምብዛም አይስፋፋም። ሆኖም ዛሬ በሀገራችን የተተከለው ባሕር ዛፍ 500,000 ሄክታር ያኽል እንደሚሆን ይገመታል። ይህን ያኽል መሬት የያዘው በሰው እጅ ከሆነ፣ ሰው ስለ ምን እንዲህ አብዝቶ እንደ ተከለው መጠየቅ የታሪክ ሥራ ነው።

2. ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ በእንጦጦና በአካባቢው የነበረው የጽድና የወይራ ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ። ቀድሞ የነበሩት መናገሻዎች እንጨት ሲያልቅባቸው መልቀቅ የተለመደ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ መሥራት ጀምረው ነበር። ይሁን እንጂ መናገሻው አልተዛወረም። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ የባሕር ዛፍ ዘር ወደ ሀገር መግባቱ ነው። ዘሩን ያስገባው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደ ሆነ ይነገራል። ስሙም ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ መሆኑን ይናገራል።

ምኒልክ ሕዝቡ እንዲተክል ችግኝ በመጠነኛ ዋጋ እንዲሰጥና ዛፉ የተተከለበት መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረጉ። ዛፉም እንደ ታሰበው በጥቂት ዓመት ውስጥ አድጎ ከተማይቱን ከበባት። ነገር ግን የውኃ ጉዳይ ወዲያው ክርክር አስነሣ። ምንጭ ያደርቃል ስለ ተባለ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከተተከለው ከሦስት እጅ ሁለቱ ተነቅሎ በምትኩ እንጆሪ እንዲተከል ትእዛዝ ወጥቶ እንደ ነበር ተጽፏል። ትእዛዙ ግን በሥራ ላይ አልዋለም፤ የማገዶና የቋሚ ችግር ከውኃው ስጋት በልጦ ተገኘ። ዛሬ በብቸና ገበሬና በግብርና ባለሙያ መካከል የሚሰማው ክርክር መልኩ ከዚህ ብዙ አይለይም።

ከአዲስ አበባ ዛፉ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች፣ ከከተሞችም ወደ ገጠር ተሻገረ። ለብቸናና ለሞጣ ምድር በጣም ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከበላያቸው ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጮቄ ተራራ ቆሞ ብዙ ወንዞችን ይልክላቸዋል። ከታስማኒያና ከደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ የመጣው ነጭ ባሕር ዛፍ የሚወደው ይህን የመሰለውን ቀዝቃዛ ደጋ ነው። ቀይ ባሕር ዛፍ የሚባለው ደግሞ ሞቅ ያለውን ቆላማ ቦታ ይስማማዋል።

3. ዛፉ ከነባሮቹ በምን በለጠ

ዛፉ በራሱ አይስፋፋም ማለት ደካማ ነው ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ሰው ከተከለው በኋላ ከሀገር በቀሉ ዛፍ የሚበልጥባቸው አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከብት አይበላውም። በምሥራቅ ጎጃም አዝመራው ከተነሣ በኋላ ማሳው ለመንደሩ ከብት ሁሉ ይለቀቃል። በዚህ ጊዜ የወይራም ሆነ የዋንዛ ችግኝ ካልታጠረ በቀር አይተርፍም። ባሕር ዛፍ ግን በቅጠሉ ውስጥ ባለው ዘይት የተነሣ ፍየል እንኳ ትተወዋለች፤ አጥር ለመሥራት አቅም የሌለው ገበሬም ሊተክለው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቶሎ ይደርሳል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ለማገርና ለቋሚ ይሆናል። ጽድ ለዚሁ እንዲበቃ ብዙ አሥር ዓመታት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ተቈርጦ አያልቅም። ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ይቈርጣል። ነቅሎ መሬቱን ወደ እርሻ መመለስም አድካሚ ነው።

አራተኛ፣ ጠላቶቹን ትቶ መጣ። በአውስትራሊያ ቅጠሉን የሚበሉና ግንዱን የሚቦረቡሩ ብዙ ተባዮች አሉ፤ ወደ እኛ የመጣው ግን ዘሩ ብቻ ነበር። ይህ ዕድል እስከ መጨረሻው አልቀጠለም። በቅጠሉ ላይ እባጭ የምታወጣ አንዲት ደቃቃ ተርብ ዓለምን ዞራ ኢትዮጵያ ደርሳለች። በጎረቤት በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ለከሰል የተተከለው ሌላው የአውስትራሊያ ዛፍ ዲከረንስም በቅርብ ዓመታት በዝገት በሽታ ተመትቶ ብዙ ገበሬ ተጎድቷል። አንድ ዝርያ ብቻ ተክሎ በእርሱ ኑሮን ማቆም ምን ያኽል አስጊ እንደ ሆነ ይህ ያስረዳል።

4. የመሬት ሥሪትና የዛፍ ተከላ

ከላይ የተቈጠሩት አራቱ ነገሮች ዛፉ የሚጸናበትን ምክንያት ይገልጣሉ። ገበሬው ጤፍ ከሚያበቅል መሬቱ ላይ ቀንሶ ዛፍ የሚተክልበትን ምክንያት ለመረዳት ግን የመሬቱን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል።

በጎጃም መሬት በርስት የሚያዝ ነበር። ብቸናና ሞጣ ለርስታቸው ምን ያኽል ቀናተኞች እንደ ነበሩ በ1960 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬው ይህ ነገር መሬቱን ለመለካትና ርስቱን ለመውሰድ የታሰበ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ መሣሪያ አንሥቶም ተቃወመ። ነገሩ የበረደው የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሥተው ውዝፍ ግብሩ ከቀረ በኋላ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀና ርስት ከሥሩ ፈረሰ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል መሬት እንደ ገና ሲያከፋፍል «ቢሮክራት»ና «የፊውዳል ርዝራዥ» ከተባሉት ሰዎች መሬት ተወስዶ ለሌሎች ተሰጠ፤ ይህ ድልድል በምሥራቅ ጎጃም በብርቱ ተፈጽሟል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የአንድ ገበሬ ቤተ ሰብ በመሬቱ ላይ ያለው መብት ሦስት ጊዜ ተናወጠ ማለት ነው።

በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ገበሬው ይዞ የሚቆየውን ነገር ይፈልግ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል፣ በዚያው አንቀጽ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ቋሚ ንብረት የራሱ መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ መሬቱ የእርሱ ባይሆንም ዛፉ የእርሱ ነው። ጤፍ በየዓመቱ ታጭዶ የሚያልቅ ሲሆን ባሕር ዛፍ ግን ቆሞ የሚታይ የባለቤትነት ምልክት ነው። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም ወይም የማዳበሪያ ዕዳ ሲደርስ ተቈርጦ የሚሸጥ ቁጠባም ነው። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በክልሉ የመሬት መጠቀሚያ ደብተር መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ነገሩ በሌላ በኩል ረዳ፤ መሬቱ እንደማይነጠቀው ያመነ ሰው ዓመታት የሚያስጠብቅ ተክል ለመትከል ይደፍራል። ስጋትም ሆነ መተማመን፣ ሁለቱም በየጊዜያቸው ወደ ዛፍ ተከላ ወሰዱት።

ገበያውም አብሮ ሰፋ። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ግንባታ አጣና ይፈልጋል፤ በጭነት መኪና ተጭኖ እስከ ሱዳን የሚሻገርም አለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ባሕር ዛፍ የራሱ እግር አላስፈለገውም።

5. በነባሮቹ ዕፀዋት ላይ ያስከተለው

አሁን ወደ ጉዳቱ እንምጣ። በዚህ ረገድ ሁለት ተቃራኒ አሳቦች አሉ። አንደኞቹ ባሕር ዛፍ አፈር ያደኸያል፣ ምንጭ ያደርቃል፣ በሥሩ ሌላ ተክል አያስበቅልም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ይህ ዛፍ ባይኖር የቀረውም ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቋሚ ተቈርጦ ያልቅ ነበር ይላሉ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የፑርና የፍሪስ ጥናት ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ፍርድ መስጠት እንደማይቻል፣ መልሱ በአካባቢው ዝናብ፣ አፈርና አተካከል እንደሚለያይ አስረድቷል።

በማሳ ዳር ያለው ጉዳት ግልጥ ነው። ሥሩና ጥላው ወደ ጤፉ ስለሚዘልቅ በድንበሩ ያለው አዝመራ ይቀጭጫል፤ የጎረቤት ጠብ ከሚያስነሡ ነገሮችም አንዱ ይህ ነው። በሥሩ ሌላ ተክል አይበቅልም የሚለው ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ፈይራ ሰንበታ፣ ደመል ተከታይና ባልደረቦቻቸው በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ባደረጉት ጥናት፣ ባሕር ዛፍን ጨምሮ ከውጭ በመጡ ዛፎች ጥላ ሥር ብዙ ሀገር በቀል እንጨቶች በራሳቸው በቅለው አግኝተዋል። ለዚህ ዋናው ምክንያት የተፈጥሮው ደን ቅርብ ስለ ነበረ ወፎችና ሌሎች እንስሳት ዘር እያመጡ መጣላቸው ነው።

የሙኔሳ ውጤት ለብቸናና ለሞጣ ትልቅ ትርጉም ያለው በዚህ ነው። በእነዚህ ወረዳዎች ዘር ሊሰጥ የሚችል የቀረው ቅርብ ደን የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። የሞጣ ጊዮርጊስን ያሠሩት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል እንደ ሆኑ ይነገራል፤ ይህም ባሕር ዛፍ ከመምጣቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። በብቸና በኩል ያለው ዲማ ጊዮርጊስም ከዚያ የቀደመ ጥንታዊ የትምህርት ቦታ ነው። በእንደዚህ ያሉ ደብሮችና ገዳማት ዙሪያ የሚገኘው ደን ለከበሮ የሚሆን ዋንዛ፣ ለጭስ የሚሆን ወይራ፣ ለመድኃኒት የሚሆን ኮሶ የሚገኝበት፣ የቆሎ ተማሪውም በጥላው ሥር ቀለሙን የሚያጠናበት ስፍራ ነው። አብዛኛው ከጥቂት ሄክታር አይበልጥም።

ይህ ደን ጥቅጥቅ ብሎ በሚገኝበት ጊዜ ባሕር ዛፍ አይገባበትም፤ ደቃቁ ዘር በጨለማውና በረገፈው ቅጠል ላይ ወድቆ ይጠፋል። የሚገባው ክፍተት በተገኘበት ቦታ ነው። ዛፍ ሲወድቅ፣ መቃብር ሲቈፈር ወይም ከብት ገብቶ ችግኙን ሲጨርስ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ከሞጣ ዓባይን ተሻግሮ ባለው በደቡብ ጎንደር ብዙ የቤተ ክርስቲያን ደን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ የከብት መግባት አዲስ ችግኝ እንዳይጸና ከሚያደርጉት ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑን አሳይተዋል። ባዶውን ቦታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሞላው ደግሞ ሰው በእጁ የሚተክለው ባሕር ዛፍ ነው።

ካህናቱ በቅጥሩ ውስጥ ባሕር ዛፍ የሚተክሉት ደኑን ስለሚንቁት አይደለም። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቤተ ክርስቲያን የምትተዳደርበትን መሬት አስቀረባት። አገልጋዩ ግን መኖር አለበት፤ ጣራውም ሲያፈስ መጠገን አለበት። ባሕር ዛፍ ተሸጦ ቆርቆሮ ይገዛበታል። ርስትን ያፈረሰው አዋጅ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የውጭ ዛፍ እንዲገባ ከረዱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ይህ ሲሆን የሚጎድለው ከጥቂት ዛፍ በላይ ነው። የወይራ፣ የጽድና የዋንዛ ፍሬ ወፍ ይበላዋል፤ ወፉም ዘሩን ወደ ሌላ ቦታ ያደርሰዋል። የባሕር ዛፍ አበባ ለንብ ጥሩ ቀሰም ቢሰጥም ፍሬው ግን ለወፍ ምግብ አይሆንም። ስለዚህ በቅጥሩ ውስጥ አንዱ በሌላው ሲተካ ፍሬ በሊው ወፍ ይቀንሳል፤ ወፉ ሲቀንስ ዘር አጓጓዥ ይጠፋል። የቆሙት ሽማግሌ ዛፎች ገና ለብዙ ዓመት ስለሚቆዩ ደኑ ከሩቅ ሲታይ ደኅና ይመስላል። ተተኪ ልጆች ግን በሥራቸው አይገኙም።

6. መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ባሕር ዛፍን በጅምላ ማውገዝም ሆነ በጅምላ ማወደስ እንደማይጠቅም ነው። በገበሬው ጓሮና ለእርሻ በማይመች ተዳፋት ላይ የቆመው ባሕር ዛፍ የቤተ ክርስቲያኑን ወይራ ከመጥረቢያ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ያው ዛፍ ከቅጥሩ ውስጥ ከገባ ግን የሚጠብቀውን ነገር ራሱ ይተካዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ አጥር ርቀት ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ይወጣል። ዛፉን ያስፋፋው ሰው ስለ ሆነ ሰው ሊወስነውም ይችላል፤ ይህ በጣና ላይ ካለው እንቦጭ ይልቅ የቀለለ ሥራ ነው። በደቡብ ጎንደር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ሊቅ ማርጋሬት ሎማን ከካህናትና ከምእመናን ጋር ሆነው በአንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል፤ ካቡ ከብቱን ስለሚከለክል ችግኝ ለመብቀል ጊዜ ያገኛል። በምሥራቅ ጎጃምም እንዲሁ ቢደረግና ለየደብሩ ከቅጥሩ ውጭ ባሕር ዛፍ የሚተክልበት ጥቂት መሬት ቢሰጥ፣ ካህናቱ ገቢያቸውን ሳያጡ ውስጡን ለሀገር በቀሉ ሊተዉት ይችላሉ። የጣራው ቆርቆሮ ካልታሰበበት ግን ስለ ደኑ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ሰሚ አያገኝም።

ለጓደኞቻችን ተማሪዎችም አንድ ሥራ እናመለክታለን። ለዕረፍት ወደ ብቸና ወይም ወደ ሞጣ የሚሄድ ሁሉ ገመድና ደብተር ይዞ የአጥቢያውን ደብር ካህናት ካስፈቀደ በኋላ፣ በወይራው ሥርና በቅጥሩ ውስጥ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር እኩል ስፋት ያላቸውን ቦታዎች ለክቶ የሀገር በቀል ችግኞችን ይቍጠር፤ ከብት ይገባ እንደ ሆነም ይመዝግብ። ከሃያ ደብር የተሰበሰበ እንዲህ ያለ ቍጥር፣ ለወረዳው እርሻ ጽሕፈት ቤትም ሆነ ለሀገረ ስብከቱ፣ ከረጅም ክርክር ይልቅ ይጠቅማል።